በር የማይዘጋው ቢኒ

ቢኒ መሞቱን የሰማሁት ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር፣ ከአንዲት የዘጠና ዓመት ስዊድናዊት እግር ላይ እብጠት የሚከላከለውን ጠባብ ካልሲ እያወለቅኩ ሳለ ነው። ሥራዬ ሄምቴንስት ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አበላለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አስተኛለሁ። ዓርብ ወደ ምሽት ላይ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ። ሥራ ላይ ስልክ አላነሣም፤ እንዲህ የሚደጋግም ሰው ግን ነገር ቢኖረው ነው ብዬ አነሣሁት። ማግኑስ ነበር፣ የቢኒ ቡድን አምበል። ስዊድኖች እንደሚያደርጉት ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ ነገረኝ። ልምምድ ላይ ቢኒ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ፣ በዚያው ወደቀ። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል አደረሱት፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። ማንም አልነካውም ይለኛል ደጋግሞ፣ እኔ የጠየቅኩት ይመስል።

ሴትዮዋ ከአልጋዋ ላይ ሆና አንደኛው እግሯ እንደቀረ አስታወሰችኝ። አወለቅኩላት። ክኒኗን ሰጠኋት፣ ብርድ ልብሷን አለበስኳት፣ ደህና እደሪ አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። የሰው ቤት ደረጃ ላይ እንዴት ተደርጎ ይጮሃል? ያኔ የዋጥኩትን እንባ እስከ ማግስቱ ድረስ ተሸክሜው ዋልኩ።

ማግኑስ ስልኬን ከየት እንዳገኘው ጠይቄው ነበር። ቢኒ ራሱ ነው የሰጣቸው። ክፉ ነገር ከመጣ ለዜኒ ደውሉ፣ ለእናቴ እንዳትደውሉ ብሎ አደራ ብሏቸው ኖሯል። ዜኒ እኔ ነኝ፣ ዘነበች። ለምን እንደዚያ እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ወይ ጣጣዬ አልኩ።

ቢኒ፣ ቢንያም ማለት ነው፣ የእትዬ የሺ ልጅ ነው። እትዬ የሺ ዩልስታ በሚባለው ሰፈራችን እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው አምስተኛ፣ ሃያ አምስት ዓመት በአንድ ደረጃ የወጣን የወረድን ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸውን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር ሲሞት። እዚያው ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ነርስ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ራግቢ ይጫወታል። ሳምንቱን ሙሉ የወደቀ ያነሣል፣ ቅዳሜ የቆመ ይጥላል እያልን እንቀልድበት ነበር።

ራግቢ ያ እንደ ፓፓያ ሞላላ የሆነ ኳስ ታቅፈው እየተላተሙ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ወደ ፊት እየሮጡ ኳሱን በእጅ የሚያቀብሉት ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ማን እንዳወጣው እንጃ። ዓመታት ሙሉ እየሄድኩ አይቻለሁ፣ ዛሬም ሕጉ አልገባኝም። ስዊድን ውስጥ ራግቢ የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። የሚከታተለው ሁሉ ግን ቢኒን ያውቀዋል። ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፏል፤ ከሱ የተሻለ በዚህ አገር አልታየም የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዴ ቱንልባና ውስጥ አብረን ተሳፍረን አንድ ጢማም ሽማግሌ ከመቀመጫው ተነሥቶ የቢኒን እጅ በሁለት እጁ ሲጨብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስዊድን አገር፣ ባቡር ውስጥ፣ የማያውቀውን ሰው የሚያናግር! እኔ ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የምር ትልቅ ሰው መሆኑን ያመንኩት።

ሰውን ሲጥል አይጣል ነው። ግን የጣለውን ሰው ሳያነሣ አይሄድም። እጁን ይዞ ያቆመውና ጀርባው ላይ የተጣበቀውን ሣርና ጭቃ በመዳፉ ያራግፍለታል። ኳሱ ወዲያ እየሄደ እሱ የሰው ማሊያ ያራግፋል። ምን ነካህ ብዬ ጠይቄው ነበር። "እናቱ እኮ ነው የምታጥበው" አለኝ፣ በዚያ እንደ ስዊድን በሚጎተት አማርኛው።

እትዬ የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ሊያዩ የሄዱ ዕለት ግን እናት የሚባለውን ነገር አሳዩን። ቢኒ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለት ግንድ የሚያህሉ ሰዎች ልጃቸውን አንሥተው ሲያፈርጡት እትዬ የሺ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ሜዳ ገቡ። ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ እሳቸው የአንደኛውን ትከሻ በጃንጥላ ይደቃሉ። ሰውዬው ሰማይ የሚያህል ሰው ነው፤ አንገቱን ቀብሮ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። ቢኒ ከጭቃው ተነሣና እናቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው። "ቁጭ በይ እማዬ፣ እኔ ፈልጌ ነው የወደቅኩት" አላቸው። ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእትዬ የሺ ወንበር ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ሆነ። እሳቸውም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለቡድኑ ሁሉ ሳምቡሳ ጠብሰው ይሄዳሉ። እኛ የዩልስታ ሴቶችም ተከተልናቸው። ልጁ በወደቀ ቁጥር "አይዞህ!" እያልን ስንጮህ ደጋፊዎቹ ከአፋችን ለቀሙት። ቢራ የያዙ መላጣ ስዊድኖች ቢኒ በወደቀ ቁጥር አይዞህ ቢኒ ሲሉ ብትሰሙ በሳቅ ትሞቱ ነበር።

አንድ ነገር ነበረው ቢኒ፤ በር አይዘጋም። ሊፍት አይሳፈርም፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ነው። ቤት ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፣ የሚቀመጠውም በሩ አጠገብ ነው። ነፋስ ገባ፣ በረደን ብለን ብንጮህበት ይስቃል እንጂ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ጥጋብ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአባቱ ሞት ነው። አባትየው የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቀ አዲስ አበባ ነበር፣ ቢኒ አሥራ አንድ ዓመቱ። አንድ ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል፣ እናቱ ማድ ቤት ናቸው፣ ልጁ ያነሣዋል። አክስቱ ናት። ማን እንዳነሣው ሳትጠይቅ እያለቀሰች ወንድሟ ማረፉን ትነግረዋለች። ልጁ ሮጦ ወደ እኔ ወረደ። እኔ ለጋሽ መኮንን ደወልኩ፤ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ ያኔም አሁንም። ጋሽ መኮንን መጡና ልጁን ትከሻውን ይዘው ጎበዝ ወንድ ልጅ ነህ፣ እሑድ ማለዳ ሰው ሰብስበን እስክንመጣ ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል አሉት። እንደ ወጉ ነው፤ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ እንጂ እንዲሁ አይነገርም። ልጁም ትንፍሽ አላለም። እናቱ ለአባቱ የሚልኩትን አዲስ ሸሚዝ እየተኮሱ ሲያንጎራጉሩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አየ። እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፣ እሱ ከፈተ። ጥቁር የለበሰው ሰው ግር ብሎ ሲገባ በሩ ከነልጁ ወደ ግድግዳው ተገፋ። ጩኸቱ ቀለጠ። ልጁ በበሩና በግድግዳው መሃል ተጣብቆ ቀረ፤ ረፋዱ ላይ ነው አንዲት ሴት ካፖርት ልትሰቅል ስትል ያገኘችው። ሱሪው ርሶ ነበር።

ቀጥሎ ባለው ዓመት ነው ራግቢ የጀመረው። ምን አየህበት ስለው የሚመልስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ራግቢ ላይ የሚመታህ ሰው ከፊት ነው የሚመጣው፣ ዜኒዬ። ታየዋለህ።"

ከጥቂት ዓመት በፊት ደግሞ ሁለታችንም አንድ የሰፈራችን ሰው መርዶ ላይ ነበርን። ቢኒ ጥቁር ልብሱን ለብሶ መጣ፣ ጩኸቱ ሲጀመር ግን ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ተከተልኩት። ያ ሁሉ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። እኔ ቀድሜ ከሞትኩ ለእማዬ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት አለኝ። በቀን፣ ከፊቷ ቆመሽ፣ በሩ ተከፍቶ። አታድቡባት አለኝ። ሟርትህን ተው፣ አፍህን ዝጋ አልኩት። አልተወኝም። እሺ በይኝ ይላል፣ እጄን ይዞ። እሺ፣ በቃ እሺ አልኩት፣ ዝም እንዲልልኝ ያህል።

ዓርብ ማታ እንግዲህ ጋሽ መኮንን ቤት ተሰበሰብን። ነገሩ ሲቆረጥ ደቂቃም አልፈጀ። የእትዬ የሺ ታናሽ እህት ከለንደን ቅዳሜ ማታ ትገባለች፤ እሑድ ማለዳ እንሄዳለን። እስከዚያ ቅርባቸው አንቺ ነሽና ቅዳሜን ዋዪባቸው፣ ከስልክ አርቂያቸው ተባልኩ። ቢኒ ያለኝን ተናገርኩ። ጋሽ መኮንን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ቢኒ "አንተ" እያለ ሲጠራቸው ጥርሳቸውን ነክሰው የኖሩ ሰው ናቸው። "ዘነበች፣ ግፊት አለባት፣ ስኳር አለባት። ብቻዋን ይዘሻት እጅሽ ላይ ብትቀር ማን ይጠየቃል? ሟቹ ነው?" አሉኝ። ለልጁም እሺ ብያለሁ፣ ለእድሩም እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የሺ በር ላይ ስደርስ የሳምቡሳው ሽታ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ጨዋታ አለ እኮ ያን ቀን። ምስሩን ቀቅለው፣ ሊጡን ዳምጠው፣ ሽንኩርቱን ከትፈው ጨርሰዋል። ምን አመጣሽ በማለዳ አሉኝ። ምድር ቤት ትቬትስቱጋ ጊዜ ይዣለሁ፣ ልብሴ እስኪታጠብ እርስዎ ጋ ልቀመጥ ብዬ ዋሸሁ። የጋራ ልብስ ማጠቢያችን ነው፤ በዚህ አገር ትቬትስቱጋ ያለው ሰው ለምን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። ደስ አላቸው፣ እጅሽን ታጠቢና ጠቅልይ አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራዬን ጀመርኩ። ስልካቸውን ከሶፋው ላይ አንሥቼ አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀልኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። የቢኒን ቤት፣ የቢኒን በር! ከዚያ ተቀምጬ ለሞተ ልጅ ቡድን ሳምቡሳ ጠቀለልኩ። ጨዋታው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል አልኳቸው፣ ዳኛ ታሞ ነው አልኩ። እንዴት ሳይደውልልኝ ብለው ገረማቸው። ቢሆንም መጥበሳቸውን አልተዉም፤ ማታ ይመጣል፣ የምስሩን ይወዳል አሉ። ስለሱ ያወራሉ። ለገና አያቱን፣ የእሳቸውን እናት፣ ለማየት ደሴ አብረው እንደሚሄዱ፣ ቲኬቱን እሱ እንደሚቆርጥ፣ አሮጊቷ ዘጠና ዓመት አልፏቸውም ቢኒዬ ቢኒዬ ማለታቸውን እንዳልተዉ ይነግሩኛል። እኔ እስቃለሁ። በየመሃሉ ሽንት ቤት እገባለሁ፣ ውኃውን እከፍትና ፎጣውን እነክሳለሁ። ተመልሼ እጠቀልላለሁ። ጭንቅ ጥብብ አለኝ። ያች ማድ ቤት እንደዚያ ጠባብ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ከምሳ በኋላ ዝም አሉ። እትዬ የሺ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ስልካቸውን ፈለጉ፣ አጡት። እኔም አብሬ ፈለግኩ፣ ሶፋውን ሁሉ አገላበጥኩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ሞከሩት፣ እምቢ አለ። ልብስሽ አላለቀም ወይ አሉኝ። ልሂድና ልየው አልኩ፣ ግን አልተነሣሁም። እንዴት ተነሥቼ ልሂድ? ደግሞም ረሳሁት እንጂ እኚህ ሴት ራሳቸው በዚህ ነገር የታወቁ ናቸው። ዩልስታ ውስጥ መርዶ ያለበት ቤት ሁሉ ቀድመው ተልከው የሚውሉት እሳቸው ነበሩ። ስልክ መደበቅን ከሳቸው ነው የተማርነው።

እጃቸውን ታጠቡ፣ ቀስ ብለው በመደረቢያቸው አደረቁ። መጥተው ጎኔ ተቀመጡ።

"ዘነበች፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚታጠብ ልብስ የለም" አሉኝ። "እናቴ ናት፣ አይደል?"

አይደለም ብል ማን ነው ይሉኛል። ነው ብል ደግሞ በሕይወት ያሉ ሰው መግደሌ ነው። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰዱት። ነጠላቸውን አወረዱና ወገባቸው ላይ አሰሩት። እንደፈራሁት አልጮሁም። እየተወዛወዙ እናቴ፣ እናትዬ፣ ሳላይሽ፣ ገና ሲመጣ ልመጣልሽ እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዓርብ ጀምሮ የያዝኩት እንባ በሌላ ሰው ስም ወጣልኝ። እሳቸው ለናታቸው፣ እኔ ለልጃቸው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተላቀስን። እንደዚያ ያለ ነገር በጠላቴ አይድረስ።

ፊታቸውን ጠረጉና ቀና አሉ። ለቢኒ ነገራችሁት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልነገርነውም አልኩ፣ ይኼስ እውነት ነው። እሰይ አሉኝ። "እንዳትነግሩት። እኔ ነኝ የምነግረው። አያቱን ይወዳታል፣ ደግሞ እሱ ነገር ሲደበቅበት ይታመማል። ደውይልኝ፣ ና በይው ብቻ፤ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ሆኜ እነግረዋለሁ።"

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን አየሁት፤ ፎቶው አለ፣ ጭቃ ለብሶ የሚስቅበት። ጣቴ አልነካም አለ። ኔትወርክ የለም አልኩ። ከዚህ በላይ ውሸት አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ከውጭ ድምፅ ሰማን። ብዙ ሰው ሲንቀሳቀስ ይሰማል፣ ወሬ ግን የለም። እትዬ የሺ ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡ። እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ግቢው አረንጓዴ ሆኗል። ማግኑስ ከፊት፣ ከኋላው ቡድኑ፣ ከኋላቸው ደጋፊዎቹ፣ ሽማግሌው፣ መላጣው፣ ሴቱ፣ ልጅ በትከሻው የተሸከመው፣ ሁሉም አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው ቆመዋል። ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሜዳ መሄድ አቅቷቸው እሳቸው ጋ መጡ። ማግኑስን ለእናቱ እንዳትደውል ብዬዋለሁ፤ ዛሬ እንዳትመጡ ግን አላልኩም። እስከ እሑድ አታውቅም የሚባለውን ነገር ለስዊድን እንዴት አድርጌ ላስረዳ? አበባ ይዘዋል። መግቢያው ላይ ሻማ ያበራሉ። አንዱ የራግቢ ጫማ አስቀመጠ።

"አየሻቸው?" አሉኝ እትዬ የሺ። ድምፃቸው ተለሰለሰ። "ለናቴ ነው የመጡት። ደሴን በካርታ ላይ የማያውቁ ሰዎች።" መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን ዘርግተው ባረኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ከክፉ ይሰውራችሁ ይላሉ። ከታች ሰዎቹ ሲያዩዋቸው አንድ ሁለቱ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ አንዱ፣ ያ መላጣው ይመስለኛል፣ ልጁ ሲወድቅ የሚጮኸውን ጮኸ። አይዞህ ቢኒ! ሌሎቹም ተቀበሉት። የግቢው ግድግዳ መለሰው።

እትዬ የሺ ደነገጡ። ቢኒን አይዞህ የሚሉት ሰምቶ ነው ማለት ነው፣ ቀድሞኝ ሰማ፣ ከታች አለ ማለት ነው አሉ። መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ። ከማግኑስ ጀምረው አንድ በአንድ ያዩዋቸው ጀመር። ረጅሙን ያያሉ፣ ጥቁሩን ያያሉ፣ ጀርባውን ያዞረውን እስኪዞር ይጠብቃሉ።

"እሱ የታለ?" አሉኝ። "ሁልጊዜ ከፊት ነው እኮ የሚቆመው።"

እድሩም፣ ጋሽ መኮንንም፣ ለንደንም ከጭንቅላቴ ጠፉ። ትከሻቸውን ይዤ ከመስኮቱ ወደ እኔ አዞርኳቸው። ከፊታቸው ቆምኩ። ዓይናቸውን አየሁ።

"እትዬ የሺ" አልኳቸው፣ "እናትዎ ደህና ናቸው። ቢኒ ነው።"

ልያዛቸው እጄን አዘጋጅቻለሁ፣ አልወደቁም። ከናፍራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ ለመስማት ጠጋ አልኩ።

"በሩን ክፈቺለት" ነው ያሉት።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩ፣ ወለል አድርጌ። ከዚያ በኋላ ነው የጮሁት። ጩኸታቸው ከላይ እስከ ምድር ቤት ተሰማ፣ ሰዎቹም ወጡ። አንዱም ሊፍት አልጠራም፤ ያ ሁሉ ከባድ ሰው በደረጃው ነው የወጣው። ማግኑስ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ ጣለና እንደ ሕፃን ተነፋረቀ። እትዬ የሺ ልጄን፣ አንበሳዬን፣ በሩ ክፍት ነው ና እያሉ እያስለቀሱን በመዳፋቸው የማግኑስን ጀርባ ያራግፉ ነበር። ምንም አልነበረበትም፣ ማሊያው ንጹሕ ነው። ዝም ብለው ያራግፋሉ።

እሑድ ማለዳ ጋሽ መኮንን ከነሰዎቻቸው ሲመጡ የሚያንኳኩት በር አላገኙም። የደከማቸው ስዊድኖች ኮሪደሩ ላይ ተኝተው ነበር፣ ተራምደዋቸው ገቡ። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ዛሬም ሰላምታ እንሰጣጣለን እንጂ ከዚያ አያልፍም። እውነታቸውን ነው፣ ሴትዮዋ እጄ ላይ ቢቀሩ ኖሮ ምን እመልስ ነበር?

የእትዬ የሺ በር ከዚያ ወዲህ አይዘጋም። ክረምት ገብቶ በረዶው ሲወርድ እንኳ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው፤ ጎረቤቶቻችን ለቤት አስተዳደሩ ከሰሷቸው፣ ምንም አልመለሱም። የቡድኑ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከጨዋታ በኋላ ጭቃቸውን እንደለበሱ ይቀመጣሉ፣ ሳምቡሳ ይበላሉ፣ ቢኒ እንዲህ ጣለ፣ ቢኒ እንዲህ አነሣ ይላሉ። እኔም እሰማለሁ።

እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው በሩ የሚዘጋው። ራሳቸው ተነሥተው ይዘጉትና ተመልሰው ሶፋው ላይ ጎኔ ይቀመጣሉ፤ ያለ እኔ አይደውሉም። ደሴ ይደውላሉ። የአሮጊቷ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ቢኒዬ ድምፁን ካሰማኝ ስንት ጊዜው ይላሉ። ሥራ በዝቶበት ነው እናቴ ይላሉ እትዬ የሺ። ያን የሚጋጩበትን ጨዋታ አልተወውም ወይ ይላሉ። አልተወውም። ለገና ትመጣላችሁ ብዬ ስጠብቅ ይላሉ። ለፋሲካ እናቴ፣ ለፋሲካ። ሰው ገፍትሮ እንዳይጥልብኝ፣ ይጠንቀቅ ብላሃለች በይልኝ ይላሉ።

"እነግረዋለሁ" ይላሉ እትዬ የሺ።

ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ነው እንደዚያ የሚሉት። እኔ ደግሞ ወለሉን አያለሁ። ስልኩን ያስቀምጡና "ክፈቺው" ይሉኛል። ተነሥቼ እከፍተዋለሁ።